የአየርላንዱ ፓትሪክና የሁሩሙው ሂካ

በዘንድሮው መጽሔታችን ላይ የአንድ ታላቅ ሰው የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ የክፍል ጓደኞቼ በመረጡኝ ጊዜ፣ አብዛኞቹ ስለ አፄ ቴዎድሮስ ወይም ጎሬ ተቀምጠው ኢሉባቦርን ስላስተዳደሩት ስለ ራስ ተሰማ ናደው የምጽፍ መስሏቸው ነበር። እኔ ግን የመረጥሁት የአየርላንዱን ቅዱስ ፓትሪክን ነው። በዓሉ በየዓመቱ መጋቢት 8 ቀን፣ በእነርሱ አቆጣጠር ማርች 17 ይውላል። የአየርላንድ ቅዱስ ከመቱ ተማሪ ጋር ምን አገናኘው የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እንዲህ የሚል ሰው ጥቂት ቢታገሠኝ ግንኙነቱን ከዚሁ ከደጃችን፣ ከሁሩሙ አሳየዋለሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውቅ።

በዓሉን ከስሙ ይልቅ በቀለሙ የሚያውቁት ይበዛሉ። በዚያን ቀን አየርላንዳዊ የሆነውም ያልሆነውም አረንጓዴ ለብሶ አደባባይ ይወጣል። በአሜሪካ በኒውዮርክ ከተማ የሰልፉ ልማድ ከ1762 ጀምሮ ይቆጠራል፤ በቺካጎም ከ1962 ወዲህ በበዓሉ ሰሞን ወንዙን በቀለም አረንጓዴ ያደርጉታል። እኔን ግን ከሁሉ ይበልጥ የደነቀኝ በሚዙሪ ግዛት የምትገኘው የትንሿ የሮላ ከተማ አከባበር ነው። ሮላ የማዕድንና የምሕንድስና ተማሪዎች ከተማ ናት። ተማሪዎቿ ከ1908 ጀምሮ ይህን በዓል ያከብራሉ፤ ልማዱንም የወረሱት በ1903 ቅዱስ ፓትሪክ መሐንዲስ ነበረ ብለው በቀልድ ካወጁት ከኮሎምቢያ ከተማ ተማሪዎች ነው። ለክፍል መቅረት ሰበብ የማያጣ ተማሪ በየአገሩ እንዳለ ከዚህ እንማራለን። በሮላ ዋናውን መንገድ አረንጓዴ ቀለም ይቀቡታል፤ ከመካከላቸው አንዱ እንደ ቅዱሱ ለብሶ ይመጣል፤ ሌሎቹም ዱላ ይዘው የጎማ እባቦችን ይቀጠቅጣሉ።

እኛም ዛሬ በዩኒቨርሲቲ ከተማ ውስጥ ነን። መቱ ዩኒቨርሲቲ በ2011 ከተከፈተ ወዲህ ከአራቱም ማዕዘን የመጡ ተማሪዎች በመንገዳችን ይመላለሳሉ። የጉራጌው ልጅ መስቀል ሲደርስ፣ የሲዳማው ልጅ ፍቼ ጨምበላላ ሲቃረብ ፊቱ እንዴት እንደሚለወጥ የተመለከተ ሰው የአየርላንዶቹን ነገር በቀላሉ ይረዳዋል። በዓል ከአገር ርቆ ሲከበር ይገዝፋልና። በአየርላንድ በራሷ የፓትሪክ ቀን ረጋ ያለ የቤተ ክርስቲያን በዓል ነበረ፤ እንዲያውም ከ1920ዎቹ እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በዚያ ቀን መጠጥ ቤቶች በሕግ ይዘጉ ነበር። ሰልፉንና ጭፈራውን ያደመቁት ስደተኞቹ ናቸው። ከ1845 እስከ 1852 የድንች ሰብል በበሽታ እየጠፋ በደረሰው ረኃብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ሞተ፤ ሌላም አንድ ሚሊዮን ያህል ተሰደደ። ለእኛ ይህ የሩቅ ታሪክ አይመስለኝም። በ1984 እና በ1985 አገራችን በተራበች ጊዜ በሙዚቃ ዓለምን ቀስቅሶ እርዳታ ያሰባሰበው ቦብ ጌልዶፍ የአየርላንድ ልጅ ነው።

አሁን ወደ ሰውዬው ልመለስ። በመጀመሪያ የሚነገርለትን ተረት ከእውነቱ መለየት ያስፈልጋል። እባቦችን ከአየርላንድ አባረረ ይባላል፤ ነገር ግን በዚያች ደሴት ከጥንቱ የበረዶ ዘመን ወዲህ እባብ ኖሮ አያውቅም። በእኛ አገር ማገጥ የምንላትን በምትመስል ባለ ሦስት ቅጠል ሣር ምሥጢረ ሥላሴን አስተማረ ይባላል፤ ይህም ታሪክ በጽሑፍ የተገኘው እርሱ ከሞተ ከሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። አረንጓዴውም ቀለም ቢሆን በኋላ የመጣ ነው፤ ቀድሞ ከስሙ ጋር ይያያዝ የነበረው ሰማያዊ ነበር። ከሁሉም የሚያስገርመው ግን ፓትሪክ የአየርላንድ ሰው አለመሆኑ ነው።

ፓትሪክ የተወለደው በአራተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ፣ የሮም መንግሥት ይገዛት በነበረችው በብሪታንያ ነው። አባቱ ካልፖርንዮስ ዲያቆንና የከተማ ምክር ሹም፣ አያቱ ፖቲቶስ ደግሞ ካህን ነበሩ። ቤታቸው የደላው ነበረ፤ ወንድና ሴት ባሪያዎችም ነበሩት። ይህን ያወቅነው ራሱ ፓትሪክ ከጻፋቸው ሁለት ጽሑፎች ነው። አንደኛው ስለ ሕይወቱ የጻፈው ኑዛዜው ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ በኋላ የማወሳው ደብዳቤ ነው። በኑዛዜው እንደሚናገረው በልጅነቱ የካህን የልጅ ልጅ ይሁን እንጂ ለጸሎት ደንታ አልነበረውም።

ዕድሜው 16 ዓመት ሲሆን ባሪያ ፈንጋዮች ከአየርላንድ በመርከብ መጥተው በአባቱ ርስት ላይ ወደቁበት። ከብዙ ሕዝብ ጋር አብሮ ተማርኮ ባሕር ተሻገረ፤ ተሸጠም። ባሪያ በሚታዘዝበት ቤት ያደገው ልጅ በአንድ ቀን ራሱ ባሪያ ሆነ። እዚህ ላይ አንባቢዬ ቆም ብሎ እንዲያስብ እለምናለሁ። 16 ዓመት ማለት የዘጠነኛ ወይም የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ዕድሜ ነው። እኛ በዚያ ዕድሜ ስለ ፈተና ውጤት ስንጨነቅ እርሱ ቋንቋውን በማያውቀው አገር የሰው በግ ይጠብቅ ነበር።

በዚህ ሁኔታ 6 ዓመት ኖረ። በተራራና በዱር፣ በውርጭና በዝናብ መንጋ ይጠብቃል። ዝናቡን እኔ በሚገባ እገምተዋለሁ፤ የኢሉባቦር ልጅ ነኝና። ያ ቤቱ ሳለ መጸለይ የሰለቸው ልጅ በዚያ ብቸኝነት ውስጥ በቀን እስከ መቶ ጊዜ፣ ሌሊትም ያንኑ ያህል መጸለይ ጀመረ። ከዕለታት አንድ ቀን በሕልሙ መርከብህ ተዘጋጅታለች የሚል መልእክት ሰማ። መርከቧ ያለችው በቅርብ አልነበረም፤ ሁለት መቶ የሮም ማይል፣ በእኛ ልክ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ይህ ከመቱ ተነሥቶ በበደሌ በኩል ጅማን አልፎ እንደ መሄድ ነው። የኮበለለ ባሪያ ቢያዝ ምን እንደሚደርስበት እያወቀ፣ የሚያውቀው ሰው በሌለበት አገር ያን ሁሉ መንገድ በእግሩ ሄደ። የመርከቧ አለቃ መጀመሪያ በቁጣ መለሰው፤ ፊቱን አዙሮ ሲሄድ ከመርከበኞቹ አንዱ ጠርቶ አስገባው። ሦስት ቀን በባሕር ተጓዙ፤ ከዚያም 28 ቀን ሰው በሌለበት ምድር በረኃብ ተንከራተቱ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ፓትሪክ ከወላጆቹ ቤት ደረሰ።

ወላጆቹ ዳግመኛ ከእነርሱ እንዳይለይ ለመኑት። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ማንም አይፈርድበትም ነበር፤ እኔም ብሆን ከእናቴ ጓዳ አልወጣም ነበር። ነገር ግን በሌሊት ራእይ አንድ ሰው ብዙ ደብዳቤዎች ይዞለት መጣ፤ አንዱን ከፍቶ ማንበብ ሲጀምር በባርነት ከነበረበት ከምዕራቡ ባሕር አጠገብ ካለው ጫካ የሚኖሩ ሰዎች ተመልሶ በመካከላቸው እንዲመላለስ ሲጠሩት ሰማ። ልቡ ተነክቶ ማንበቡን መቀጠል አልቻለም። የሚጠሩት እነማን ናቸው ቢባል የባለቤቶቹ፣ የገዢዎቹና የሻጮቹ ወገኖች ናቸው።

ከዚህም በኋላ ክህነት ተቀብሎ፣ ጳጳስ ሆኖ ወደ አየርላንድ ተመለሰ። በትውፊት የተመለሰበት ዓመት 432 ነው ይባላል። ከእርሱም በፊት በ431 ጰላዲዮስ የሚባል ጳጳስ ከሮም ተልኮ ስለ ነበር የመጀመሪያው ክርስቲያን አስተማሪ ነው ማለት አይቻልም። ነገር ግን ሕዝቡን በቋንቋው የሚያውቀው፣ በጉን ጠብቆ፣ ዱላውን ቀምሶ ያደገ እርሱ ነው። ብዙ ሺህ ሰው አጠመቀ። ስለ ማጥመቁ ሳንቲም አልተቀበለም፤ ሴቶች ጌጣቸውን በመሠዊያው ላይ ሲጥሉለት ቅር እያላቸው እንኳ ይመልስላቸው ነበር። ይልቁንም በየአገሩ ለማለፍ ለነገሥታትና ለዳኞች እርሱ ገንዘብ ይከፍል ነበር። ታስሮም ያውቃል።

በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ነገር ሁልጊዜ ያሳፍረው ነበር፤ ይኸውም ትምህርቱ ነው። እኩዮቹ ሕግና ሰዋስው ሲማሩ እርሱ በግ ይጠብቅ ስለ ነበር ላቲኑ የተሰባበረ ነበር። በኑዛዜው ይህን እየደጋገመ ያነሣዋል፤ የተማሩ ሰዎች እንደሚስቁበትም ያውቃል። ከታላላቅ ሰዎች መካከል እንዲህ ያለውን ጉዳይ ሳይደብቅ የሚናገር ብዙ አላየሁም፤ እኔ ፓትሪክን የወደድሁት ከእባቡ ይልቅ በዚህ ነው። ትምህርቱ የተቋረጠበት ሰው ሁሉ የሚያነበው ይመስለኛል። በአየርላንድ በ1795 ሜይኑዝ በምትባል ከተማ የተቋቋመው ታላቅ ኮሌጅ የተሰየመው በዚሁ ትምህርት ባልጠገበ ሰው ስም ነው።

የደብዳቤው ነገር እንዲህ ነው። ኮሮቲኮስ የሚባል የብሪታንያ አለቃ ነበር፤ ክርስቲያን ነኝ የሚል ነው። ወታደሮቹ ወደ አየርላንድ ተሻግረው ፓትሪክ በዋዜማው ያጠመቃቸውን ምእመናን አጠቁ። ምእመናኑ ገና የጥምቀት ነጭ ልብሳቸውን አላወለቁም፤ ሜሮኑም ከግንባራቸው አልደረቀም ነበር። አንዳንዶቹን በሰይፍ ገደሉ፤ የቀሩትን፣ ይልቁንም ወጣት ሴቶችን፣ ነድተው ሸጡ። ፓትሪክ ከሕፃንነቱ ያስተማረውን አንድ ካህን ከሌሎች ጋር አስይዞ የተማረኩትን እንዲመልሱ ላከባቸው፤ ሳቁበት። እንግዲህ ሁለተኛውን ደብዳቤ የጻፈው በዚህ ጊዜ ነው። በሕዝብ ሁሉ ፊት፣ በኮሮቲኮስም ፊት እንዲነበብ አዘዘ። የተማረኩትን በንስሐ አርነት እስኪያወጡ ድረስ ማንም ከእነዚያ ሰዎች ጋር እንዳይበላና እንዳይጠጣ፣ ምጽዋታቸውንም እንዳይቀበል ከለከለ። ከማዕድ መለየት ምን ያህል ከባድ ቅጣት እንደሆነ ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግም። የጎል አገር ክርስቲያኖች ምርኮኞችን በብዙ ገንዘብ ሲዋጁ እናንተ ግን እግዚአብሔርን ለማያውቅ ሕዝብ ሸጣችኋቸው ሲልም ወቀሳቸው። በዚያ ዘመን ባሪያ መያዝ እንደ ተፈጥሮ ሕግ ይቆጠር ነበር። ጠቢባኑም፣ መሳፍንቱም ይይዙ ነበር። ባሪያ ሆኖ የኖረ ሰው ብዕር አንሥቶ ስለ ተሸጡት ሲከራከር ማንበብ እጅግ ብርቅ ነው፤ የዚያ ደብዳቤ ክብርም ይኸው ነው።

ፓትሪክ በአየርላንድ እያለ አረፈ፤ ዕረፍቱም መጋቢት 8 ቀን ሆኖ ይታሰባል። መቃብሩም በሰሜን በኩል ዳውንፓትሪክ በተባለችው ከተማ እንደሆነ በትውፊት ይነገራል።

ይህን ሳነብ በመጀመሪያ ወደ አእምሮዬ የመጣው አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ነው። እርሱም ፍሬምናጦስ የሚባል ልጅ ሳለ በቀይ ባሕር ዳር ተማርኮ ከወንድሙ ከኤዴስዮስ ጋር አክሱም ቤተ መንግሥት ገባ። አርነት በወጡ ጊዜ ኤዴስዮስ ወደ አገሩ ወደ ጢሮስ ሲመለስ፣ ፍሬምናጦስ ግን ከእስክንድርያው ከአትናቴዎስ ዘንድ ጵጵስና ተቀብሎ ወደ ማረኩት ሕዝብ ተመለሰ። ሐምሌ 26 ቀን የሚታሰበው እርሱ ነው። ነገር ግን የፍሬምናጦስ ምርኮ በቤተ መንግሥት ጥላ ሥር አለፈ። ፓትሪክን በይበልጥ የሚመስለው ሰው ያለው ወደ እኛ በጣም ቀርቦ ነው።

ከመቱ ወደ በደሌ ሲሄዱ ያዩን ሳይደርሱ ሁሩሙ ይገኛል። በ1856 ገደማ ከዚያ አካባቢ ሂካ የሚባል ሕፃን ተወለደ። የአባቱ ስም አዋጂ ነው። አራት ዓመት ሲሆነው አባቱ ሞተ፤ ከዚያም ባሪያ ፈንጋዮች ከእናቱ እጅ ነጠቁት። ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው እየተላለፈ፣ በመንገድም ነሲብ የሚል ስም ወጥቶለት፣ እስከ ምጽዋ ተነዳ። በ1870 ቬርነር ሙንዚንገር የተባለ ስዊሳዊ ሹም አርነት አወጣውና ለስዊድን ወንጌላውያን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሰጠው። በ1872 በትንሣኤ ቀን ተጠመቀና ኦኔሲሞስ ተባለ። ይህ ስም ቅዱስ ጳውሎስ ለፊልሞና ስለ እርሱ የጻፈለት የኮበለለው ባሪያ ስም ነው። በኋላም ወደ ስዊድን ተልከው አምስት ዓመት ተማሩ።

ከዚህ ወዲያ ኦኔሲሞስን አንቱ እላለሁ። ከስዊድን የተመለሱት በምጽዋ ለመቀመጥ አልነበረም፤ ወደ ኦሮሞ አገር ለመግባት እንጂ። በሱዳን በኩል ያደረጉት ሙከራ በንዳድ በሽታ ተሰናከለ። መንገዱ ሲዘጋባቸው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጎም ጀመሩ። ሂካ ማለት በኦሮምኛ ተርጓሚ ማለት ነው፤ እናታቸው ወይም አባታቸው ያወጡላቸው ስም ከጊዜ በኋላ ሥራቸው ሆነ። ነገር ግን የፓትሪክ ችግር በእርሳቸውም ላይ ነበረ። ፓትሪክ የተማረኩ ዕለት ትምህርት እንደጎደለበት ሁሉ እርሳቸውም በልጅነታቸው ስለ ተወሰዱ የእናታቸው ቋንቋ ሳስቶባቸው ነበር። ጉድለቱን የሞላችው አስቴር ጋኖ ናት። እርሷም በሊሙ እናርያ በባርነት የኖረች፣ በ1886 ወደ ዐረብ አገር ስትወሰድ ቀይ ባሕር ላይ የኢጣልያ መርከቦች ያስጣሏት ልጃገረድ ነበረች። ቃላቱን የሰበሰበች፣ ከልጅነቷ የሰማችውን ተረትና ዘፈን ያስጻፈች እርሷ ናት። ምስጋናው ግን ለብዙ ዘመን ለእርሳቸው ብቻ ሲሰጥ ኖሯል፤ ይህን እኅቶቼ የሆናችሁ የክፍሌ ተማሪዎች ሳትታዘቡ እንደማታልፉት አውቃለሁ። አዲስ ኪዳኑ በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታተመ፤ የታተመውም በኦሮምኛ ቋንቋ፣ በግእዝ ፊደል ነው።

በ1904 ኦኔሲሞስ ወደ ወለጋ ገቡ። የነቀምቴው ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር በክብር ተቀበሏቸው። ይሁን እንጂ ስብከታቸው በኦሮምኛ በመሆኑ የተማረሩ ካህናት ከሰሷቸው፤ በ1906 አቡነ ማቴዎስ እንዲባረሩ ፈረዱ። አፄ ምኒልክ ፍርዱን አሻሽለው በነቀምቴ እንዲቀመጡ ፈቀዱ፤ መስበክ ግን ተከለከሉ። እርሳቸውም እንግዲያው ላስተምር ብለው ልጆች ማስተማር ቀጠሉ፤ በ1916 ልጅ ኢያሱ እንደገና እንዲሰብኩ ፈቀዱላቸው። በ1931 አረፉ። ባርነትን ፈጽሞ የሻረው አዋጅ የወጣው ከዚያ 11 ዓመት ቆይቶ በ1942 ነው።

ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅ አያቴን ስለ ባሪያ ፈንጋይ ጠየቅኋት። እርሷ ልጅ ሳለች ብቻውን ወንዝ የወረደ ልጅ የሚፈራራው በጅብ ሳይሆን በፈንጋይ ነበር አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የአንድ ቤተሰብ ስም ልትጠራ ስትል ተወችው። ምን ልትል እንደነበር ገብቶኛል። በከተሞቻችን እስከ ዛሬ ድረስ ሽማግሌ ለሠርግ ሲላክ በስተጓዳ ዘር የሚቆጥር አለ፤ የተሸጠው ሰው ነውር ሲቆጠርበት የሸጠው ሰው ነውር ግን አይቆጠርም። ፓትሪክ ከማዕድ የለየው ሻጩን ነበር። እኛ ዘንድ የተለየው የተሸጠው ነው።

የኦኔሲሞስ ዕረፍት ሰኔ 14 ቀን ነው፤ ይህ ደግሞ የፈተና ሰሞን ስለሆነ ለተማሪ አይመችም። መጋቢት 8 ቀን ግን ይመቻል። ዝናብ ጠብ ካለ የቡናው ተክል ሁሉ ነጭ አበባ የሚለብስበት ወቅት ነው፤ አረንጓዴም በኢሉባቦር ቀለም መግዛት ሳያስፈልግ ይገኛል። ስለዚህ እኔና ስድስት የክፍል ጓደኞቼ በሚመጣው መጋቢት 8 ቀን ሁሩሙ ሄደን ለዚያ ተማሪ ቤት ልጆች የሁለቱን ታሪክ ለማንበብ አስበናል። የማንበቡ ተራ የእኔ ሲሆን፣ የአስቴርን ክፍል የምታነበው ከእኛ መካከል ኦሮምኛዋ ከሁላችንም የሚጣፍጠው ልጅ ናት። የመኪናውን ሒሳብ በየግላችን ልናዋጣ ተስማምተናል። ማመልከቻውን ለርእሰ መምህሩ አስገብተናል፤ ወላጆቻችሁ በፊርማቸው ይፍቀዱ ስለ ተባልን ይህን የምታነቡ የሰባታችን ወላጆች ወረቀቱን ፈርማችሁ እንድትልኩልን በትሕትና እንለምናለን።